ይቆረጥልኝ የተባለው ጉርድ

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ አዳሹ መሀል፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ሱቋ ጠባብ ናት፦ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ፣ አለቀ። ምላሷ ግን ሱቁ አይበቃውም፤ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እጇ ወርቅ ነው፣ ቃሏም ቃል ነው። ማክሰኞ ካለች ማክሰኞ ነው፤ እንደ ሌሎቹ «ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ» እያለች ሰው አታመላልስም።

የሰፈሩ እናቶች ከሁሉም አስበልጠው የሚወዱላት እጥፋቷን ነው። የዩኒፎርም ጉርድ ስትሰፋ ከታች ስንዝር የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ልጅቷ በተመዘዘች ቁጥር እጥፋቱ ትንሽ ትንሽ እየተፈታ ጉርዱ ይረዝማል። «እኔ የሰፋሁትን የለበሰች ልጅ ሌላ ጉርድ አያምራትም!» ትላለች ደረቷን ነፍታ። ጉረኛ ናት፣ ምን ይደበቃል? ግን የምትጎርርበት ነገር ስላላት ማንም አይቀየማትም።

አንድ ቀን ተማሪው ሁሉ ክፍል በገባበት ሰዓት የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ረጅም፣ አንገቷን የደፋች፣ ስምንተኛ ክፍልን የደገመች ልጅ ናት። ከፌስታል ውስጥ የዩኒፎርም ጉርዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ይሄን ይቁረጡልኝና ተራ ጉርድ ያድርጉልኝ። ለሥራ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«አባቴ ጋ ዳቦ ልሸጥ ነው። ትምህርቱን ትቼዋለሁ።»

«ምን ሲደረግ! ለፈተና ስንት ቀረሽና?»

ልጅቷ መጀመሪያ ሂሳቡን አሳበበች፤ አይገባኝም፣ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው አለች። ልብስ ሰፊዋ ግን በዚህ የምትለቅ መሰለቻችሁ? ወንበር አስጠጋችላት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ ስትለማመጣት ቆይታ አወጣጣቻት። ለካስ ነገሩ ወዲህ ነው። እጥፋቱ በተፈታ ቁጥር የድሮው ጫፍ ላይ ነጣ ያለ መስመር ይቀራል። ታዲያ የሳይንስ አስተማሪዋ «የዛፍ ዕድሜ የሚታወቀው ግንዱ ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ተቆጥረው ነው» ስትል፣ ከፊት የተቀመጠች አንዷ ዞር አለችና «እንደ እሷ ጉርድ!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም «ግንዲላ» ሆኖ ቀረ።

«በየኮሪደሩ መስመሬን ይቆጥሩብኛል» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየቀደማት።

ልብስ ሰፊዋ መስመሮቹን ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ሁሉም የራሷ እጅ ሥራ ናቸው። ያ ስትጎርርበት የኖረችው እጥፋት የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያባርር ነው።

ቀና ብላ እንዲህ አለች፦ «የኔ እናት፣ ስሚኝ። እስከ ፈተናው አልቆርጠውም። አስተካክልልሻለሁ፣ ለብሰሽው ትማሪያለሽ። ከፈተናው በኋላ ቁረጪ ካልሽኝ ግን ያለ አንዲት ጥያቄ እቆርጥልሻለሁ።»

«ቃልዎን?»

«ቃሌን!»

በካውያ ተኮሰችው፣ በኮምጣጤ አሸችው፤ መስመሩ ወይ ፍንክች! በየመስመሩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጥብጣብ ሰፋችበት። አማረ። ቢሆንም ልጅቷ ብቻዋን ጥብጣብ ለብሳ ብትገባ ሌላ ስም ሊያወጡላት ነው። ደግነቱ ያቺ «እንደ እሷ ጉርድ» ያለችው ባለ ምላስ ዚፗ ተበላሽቶ ጉርዷን ለጥገና አስገብታ ነበር። ያልታዘዘችውን አንዲት ስፌት ጨምራ የማታውቀው ሴትዮ ያንንም ጉርድ ጥብጣብ በጥብጣብ አደረገችው።

የዚያችኛዋ ልጅ እናት ልጇን አስከትላ እሳት ጎርሳ መጣች። «ማን አዘዘሽ?»

«ፋሽን ነው እመቤቴ። ካልወደድሽው አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

ልጇ ግን መስታወቱ ፊት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየተሽከረከረች «እንዳይፈታ!» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሳምንት ሳይሞላ የክፍሉ ሴቶች ሁሉ «ለእኔም፣ ለእኔም» እያሉ ሱቋን አጣበቧት። የዳቦ ጋጋሪው ልጅም ከመሀላቸው ተቀላቅላ ክፍል ገባች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ሂሳቡ ግን በጥብጣብ አይሸፈንም። እሱን ደግሞ ዕድል ራሱ እግሩን አንስቶ አመጣላት። የሂሳብ አስተማሪው በእረፍት ሰዓት ሱሪው በወንበር ሚስማር ተቀዶበት እየሮጠ መጣ፤ አውልቆ ሰጣትና መጋረጃው ጀርባ ቆመ። እሷም ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው፣ ተኮሰችው፣ አጣጥፋም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ አላለቀም? ሊደወል ነው!»

«አልቋል። የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ መቼ ነው የምታስጠናት?»

«ኧረ እኔ ጊዜ የለኝም!»

«እኔም ሱሪ የለኝም።»

ደወሉ ተደወለ። በመጋረጃው ሥር የአስተማሪው ባዶ እግሮች ሲንቆራጠጡ ይታያሉ። ይቺ ሴት አስተማሪውን ከልጅነቱ ጀምሮ ዩኒፎርም ያለበሰች ናት፤ እንደማትቀልድ አሳምሮ ያውቃል።

«እሺ! ከትምህርት በኋላ፣ እዚሁ ሱቅ። ሱሪዬን!»

አይታማም፣ ቃሉን ጠበቀ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከልጅቷ ጋር እየተቀመጠ የተበላሸው ከታች፣ ከክፍልፋይ ጀምሮ መሆኑን አገኘው፤ ከዚያው ከሥሩ አስጀመራት። ልብስ ሰፊዋ እነሱ ሲያጠኑ መኪናዋን አቁማ በእጇ ትሰፋ ነበር። አፏንም ዘጋች፤ እሷን ለሚያውቅ ይሄኛው ትልቁ መስዋዕትነት ነው።

ፈተናው ተፈተነ፣ ውጤት መጣ። ልጅቷ ሱቁ ውስጥ ስትገባ ፊቷ ሁሉን ተናግሯል። በጥቂት ነጥብ ወድቃለች።

ልብስ ሰፊዋ ለአንድ አፍታ ልዋሽ፣ መቀሱ ጠፍቷል ልበል ብላም አሰበች። ግን ቃል ቃል ነው። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ መቀሱን አነሳች።

«አምጪው፣ የኔ እናት። ቃሌን ልፈጽም።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«እትዬ፣ ባለፈው ጊዜ ወረቀቱን ባዶውን ነበር ያስረከብኩት። ዘንድሮ ሁሉንም ሠርቻለሁ። የተሳሳትኩት የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አውቀዋለሁ።»

«እና?»

«እደግማለሁ።»

«ተመልሰው ቢሰድቡሽስ?»

«ይሳደቡ። ዘጠነኛን ሳላይ ከዚያ ግቢ አልወጣም።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች፣ ልጅቷን ወደ ደረቷ ሳበቻትና ግንባሯን ደጋግማ ሳመቻት።