ከኋላ የሚሳለው ሹም

ለጋዜጣ ካርቱን ስስል የባለሥልጣን ፊት አልነካም። ፊት ከሳልኩ «ይሄ እኔ ነኝ» የሚል አይጠፋም፤ አዘጋጃችንም በስልክ ሲጮኹበት መዋል አይወድም። ስለዚህ አዳማ ቤቴ ተቀምጬ ለዓመታት የሳልኩት አንድ ሰው ነው፤ ጀርባውን ለባለጉዳይ ሰጥቶ የተቀመጠ፣ ማጅራቱ ሦስት ቦታ የተጣጠፈ ሹም። ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው።

አምና መታወቂያዬን ላሳድስ ሄጄ ፊርማ ፍለጋ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። እኛ በካናቴራ ላብ በላብ ሆነናል፤ እሱ አንገቱን በወፍራም የሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈረመልኝ። ስወጣ ጸሐፊዋን «አሟቸው ነው?» አልኳት።

ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ጋዜጣ ላይ አንዱ ሥራ ፈት ማጅራታቸውን እየሳለ አስቸገራቸው። ማን እንደሆነ ቢያውቁ አይለቁትም» አለችኝ።

ሰውየውን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። እንዲያውም አሳዘነኝ። ቤቴ እስክደርስ ግን «ሥራ ፈት» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሹም ከኋላው ሳልኩና አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠመጠምኩለት።

ይሄኛው በእርግጥ እሱ ነው።