«ይችላል ብለዋል»

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለእህቴም አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን፣ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ስናዘዝ ይህችን አንዷን ዘልያት ተነስቻለሁ። ዛሬ ለማላውቃችሁ ሰዎች የማወራው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሰናይት እባላለሁ። ጅማ ውስጥ ቦዬ በሚባል የእግር ኳስ ክለብ ዋና ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ደብዳቤ የምትተይብ ሴት እንዳይመስላችሁ። ሆቴል የምይዘው፣ አውቶቡስ የምከራየው፣ ውል የማዘጋጀው፣ ከፌዴሬሽኑ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነበርኩ። ሥራው ሁሉ የእኔ ነበር። ሥልጣኑ ግን የእኔ አልነበረም።

ሥልጣኑ እንዲህ ነበር የተከፋፈለው። ማን ይቀጠር፣ ማን ይሰናበት የሚለው የፕሬዝዳንታችን የአቶ ፈቃዱ ነበር፤ እሳቸው ቡና ነጋዴ ናቸው። ማን ይሰለፍ የሚለው የአሰልጣኙ የታምራት ነበር። የተጎዳ ተጫዋች መቼ ወደ ሜዳ ይመለሳል የሚለው ደግሞ የወጌሻው የጋሽ ነስሩ ብቻ ነበር። በዚህ በመጨረሻው ላይ ፕሬዝዳንቱም አሰልጣኙም እጃቸውን እንዳያስገቡ ተስማምተናል። ደንቡን ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ። ሳረቅቀው ለራሴ ምንም ቦታ እንዳልተውኩ ያስተዋልኩት ቆይቶ ነው።

ጋሽ ነስሩ የጅማ ልጅ ናቸው፤ ያደጉትም የኖሩትም ጊንጆ ሰፈር ነው። ታምራት ከሆሳዕና ወደ እኛ ሲመጣ ቤተሰቡን አላመጣም ነበርና እሳቸው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ከዚያ በኋላ ማን ተከራይ ማን አከራይ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በረመዳን ታምራት እሳቸው እስኪያፈጥሩ ምሳውን ያቆያል። በገና በዓል ጋሽ ነስሩ፣ ክራር ይዘው ከሚዘምሩት ከታምራት ቸርች ሰዎች መሐል ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። ስብሰባ ሲያልቅ ሁለቱ እየተሳሳቁ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። እኔ ወንበሮቹን አስተካክዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ቢሮውን ቆልፌ ወደ ባዶ ቤቴ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ነይ እንጂ» ያለኝ አልነበረም። ክፋት አልነበረም፤ አልጠሉኝም፤ ትዝም አላልኳቸውም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ነው እንዴ? ሊሆን ይችላል። እንግዲያው አትዘኑልኝ።

በዚያ ዓመት ከሊጉ ላለመውረድ የምንፍጨረጨርበት ጊዜ ነበር። ጎል የሚያገባልን ከድር የሚባል የአጋሮ ልጅ ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል። እሱም ጉልበቱን ተጎዳ። ጋሽ ነስሩ በእጃቸው እየዳሰሱ አዩትና ዓመቱ እስኪያልቅ ኳስ እንዳይነካ አሉ። የልምምድ ሜዳችን በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበር ታምራት ቡድኑን ይዞ አጋሮ ገብቶ ያሠለጥናል፤ ጋሽ ነስሩ ከከድር ጋር ጅማ ቀሩ። ለዚህ ነው በሁለቱ መካከል የነበረው ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፍ የነበረው። ጋሽ ነስሩ ስልክ ላይ ማውራት አይወዱም ነበር፤ ታምራት ደግሞ እኔን አምኖ «አንቺ ጠይቂልኝ፣ እህቴ» ይለኛል።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት አቶ ፈቃዱ ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም።

«ከድር ይጫወታል?»

«ጋሽ ነስሩ አይችልም ብለዋል» አልኳቸው።

«እሱ ያለውን አውቃለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በዚያ ቢሮ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እኔ በዚህ ላይ ሥልጣን የለኝም» አልኩ።

«ሥልጣንማ ማን ይሰጥሻል» አሉና ወጡ።

ይኸው ነው። አሰልፊው አላሉኝም። ብዙ ጊዜ አዝዘውኝ በነበረ ብዬ ተመኝቻለሁ። አላዘዙኝም።

ስልኩን አነሳሁና አጋሮ ታምራት ጋ ደወልኩ። «ጋሽ ነስሩ አይተውታል። ይችላል ብለዋል» አልኩት። «ጌታ ይባረክ» ሲል ሰማሁት። ቀጥዬ ወደ ጋሽ ነስሩ ሄድኩ። «ኮች ከድርን አያስገባውም፤ ግን ተጋጣሚዎቻችን እንዲፈሩ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ ብሏል» አልኳቸው። ጋሽ ነስሩ አልወደዱትም። «ወንበር ላይ ብቻ?» አሉኝ። «ወንበር ላይ ብቻ» አልኩ። «ታምራት ካለ እሺ» አሉ። እኔን አላመኑም፤ እሱን ነው ያመኑት። እሱም እንደዚሁ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነው ያመነው። እኔ የዋሸሁት በእነሱ መተማመን ላይ ቆሜ ነው።

የጨዋታው ቀን ቡድኑ ከአጋሮ በቀጥታ ወደ ስታዲየም ገባ። መልበሻ ክፍል በር ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ታምራት የጋሽ ነስሩን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «ጋሼ፣ ስለ ከድር አመሰግናለሁ» አለ። ጋሽ ነስሩ «አደራ እንግዲህ» አሉት። «በእኔ ይሁንብዎት» አለና ገባ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች። ለምን አልወጣችም? ስለፈራሁ? አይደለም። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱ የሚነጋገሩት እኔ በወሰንኩት ነገር ላይ ነበር፤ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

ከእረፍት በኋላ ተከላካያችን ግንባሩ ተፈንክቶ ጋሽ ነስሩ ከጎሉ ጀርባ ደሙን ያቆሙለታል። ታምራት ያኔ ነው ከድርን ያስነሳው። ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ ጋሽ ነስሩ ቀና አሉ። ፋሻውን እንደያዙ በመስመሩ ዳር እየሮጡ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ የሚሉት በጩኸቱ አይሰማም። አልደረሱም። ከድርን የነካው ሰው አልነበረም። ኳስ ሊመልስ ዞረ፣ እግሩ አልዞረም። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሲወድቅ አየሁት። ጨዋታው አቻ አለቀና አልወረድንም። ያ አቻ ያለ ከድርም የሚገኝ ነበር።

ቀጥሎ በተጠራው ስብሰባ ታምራት «ወጌሻው ፈቅደዋል ስለተባልኩ ነው ያስገባሁት» አለ።

«እኔ አልፈቀድኩም» አሉ ጋሽ ነስሩ። «አንተ ራስህ ወንበር ላይ ብቻ ብለሃል አይደል?»

«እኔ? ማን አለዎት?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ፈቃዱም ዞሩ። ያኔም ጊዜው አላለፈም ነበር። የልጁ ጉልበት ጠፍቷል፤ የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። «እኔ የተባልኩትን ነው ያደረስኩት» አልኩ። «ጋሽ ነስሩ ይችላል ነው ያሉኝ።»

ለምን እሳቸውን መረጥኩ? አስቤበታለሁ። አሰልጣኝ ለማግኘት ይከብዳል፤ ወጌሻ ይገኛል። ታምራት ይጮሃል፤ እሳቸው አይጮሁም። በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ አስልቻለሁ።

አልጮሁም። ኮፍያቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ እሷ ካለች…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ታምራት «ጋሼ፣ በእኔ ላይ ያላክካሉ?» አለ። አቶ ፈቃዱ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው የጋሽ ነስሩን ስንብት ተናገሩ። ደረጃው ላይ ስደርስባቸው ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «በመኪና ላድርስዎት?» ነው ያልኳቸው። «አይ ልጄ፣ በባጃጅ እሄዳለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ታምራት ዕቃውን ጭኖ ከግቢያቸው ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ከጅማም ሄደ።

ከድርን አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ባደረገበት ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። ከክለቡ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርቱካን ልልጥለት ስጀምር «ይችላል ያሉት ጋሽ ነስሩ ናቸው አሉ። እውነት ነው፣ አዴ ሰናይት?» አለኝ፤ አዴ የሚለኝ በኦሮምኛ ለአክብሮት ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ቃል እንኳ አላወጣሁም። ይህን ደግሞ ማን ጠየቀኝ? ፕሬዝዳንት አጠገቤ አልነበረም፤ ስብሰባ አልነበረም። አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። ያለ እኔ የሚወሰን ነገር ጠፋ። ስገባ ወሬ ይቆማል፣ ወንበር ይለቀቅልኛል። ሻይ ግን አሁንም ብቻዬን ነበር የምጠጣው። ክለቡ በኋላ ወረደ፣ ተበተነ፤ እኔም ወጣሁ። ጋሽ ነስሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ወለምታ ያሻሉ ሲባል እሰማ ነበር። እኔም የምኖረው እዚያው ጊንጆ ነው፤ በደጃፋቸው ላለማለፍ ለባጃጁ ልጅ ዙሪያ ጥምጥሙን መንገድ አሳየው ነበር። «እዚህ እኮ ያቋርጣል» ሲለኝ «ይሁን፣ ዙር» እለው ነበር።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ነስሩ ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ሳለሁ ታምራት ከሆሳዕና መጣ፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ከልጃቸው ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና «ሽማግሌ ልልክባቸው ስል፣ ዘንድሮ ከርሞ ስል…» አለ፤ ሌላውን መጨረስ አቃተው። ልጃቸው ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ አባቴ ቂም አልያዘብህም፣ ወላሂ» ይለዋል። እኔ መጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። አሁንም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለካ ይለመዳል።

ከድር ግን ለቅሶው ላይ አልነበረም። አለመምጣቱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሊሙ ገነት ለአንድ ነጋዴ እሸት ቡና እንደሚቀበል ሰምቼ ሄድኩ። እያነከሰ መጥቶ ተቀበለኝ፤ ወፍሯል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ሆስፒታል የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት ብሎ ለሚስቱ አስተዋወቀኝ። ማኪያቶ አስመጣልኝ። ብርጭቆው እጄ ላይ እያለ ነገርኩት። ለታምራት ያልኩትን፣ ለጋሽ ነስሩ ያልኩትን፣ ስብሰባው ላይ ያልኩትን፣ አልጋው አጠገብ ራሴን መነቅነቄን። ሳልቆርጥ ነገርኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። የሚመታኝም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ፀሐይ ላይ ወደተሰጣው ቡና አዞረ።

«እዚህ መጥተው ነበር» አለኝ።

«ማን?»

«ጋሽ ነስሩ። ጉልበትህን ልየው ብለው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሚኒባስ። አላስገባኋቸውም፣ አዴ ሰናይት። ውሃ እንኳ አልሰጠኋቸውም። በር ላይ ነው የመለስኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። እናትህን ሰላም በልልኝ አሉና ወደ መናኸሪያ ወረዱ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ጉልበቱን እንደወሰድኩበት አውቅ ነበር፤ ይህንን ግን አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት ተነሳ። «ሂጂ» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መኪና ሳያልቅብሽ ሂጂ።» ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።

አቶ ፈቃዱ አላዘዙኝም። ብቸኝነቴም አላዘዘኝም፤ ስንቱ ብቸኛ ሰው ሳይዋሽ ይኖራል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስጠየቅ የደገምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ካጠፋኋቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ ስልኬን አያነሳም፣ ወደ ሦስተኛው ወደ ሆሳዕና እስካሁን አልሄድኩም። እሄዳለሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልልም፤ የማደርገውን እስካደርግ ድረስ በእኔ ቃል ማንም ሰው ማመን የለበትም።