የአያ ሞላ ጡረታ

ወገዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ ሳስተምር ለጡረታዬ ስል ምሳ የተውኩ ሰው ነኝ። ሻይ እንኳ የምጠጣው ሌላ ሰው ሲከፍል ነበር። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ ልጅ የሌላቸውን አከራዬን አያ ሞላን፣ «ሠርተው መብላት ለማይችሉበት ጊዜ ይቆጥቡ!» እያልኩ አሰለቸኋቸው።

ሰሙኝ። ጠላውን ተዉ፤ በሬ ሽጠው ብሩን ባንክ አስገቡ። እኔም ሰው አደረግኋቸው ብዬ በየደረስኩበት ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ዳስ ተጥሎበታል። ካህናቱ ይበላሉ፣ ጎረቤቱ ይጠጣል። አያ የሞቱ መስሎኝ «ወይኔ!» ብዬ ልጮህ ስል፣ ራሳቸው እንጀራ ተሸክመው ብቅ አሉ። ለካ ተዝካራቸውን በቁማቸው እያበሉ ነው።

«የቆጠቡትስ ብር?»

«ይኸው እየተበላ።»

«አያ! ሠርተው መብላት ለማይችሉበት ጊዜ አላልኩም?»

«ታዲያ ከሞትሁ በኋላ ላርስ ኖሯል?»

«እሺ፣ እስኪሞቱስ ምን ሊበሉ ነው?»

ሞሰቡን ወደ እኔ አስጠጉና በሐዘኔታ አዩኝ።

«እስከዚያማ አንተ አለህልኝ። ምሳህን ስትተው የኖርኸው ለማን ብለህ ነው?»