ቅቤ የነካው ስላይድ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ በሰው ሰውነት ላይ ካለ እብጠት በቀጭን መርፌ ጥቂት ጠብታ ይስባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጠብታዋን ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ እቀባና ሳትደርቅ አልኮል ውስጥ እነክራለሁ። ከዚያ ቀለም ሰጥቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በቂ ሕዋስ ካለበት ለሐኪሙ አሳልፋለሁ፤ ከሌለበት «ናሙናው አይበቃም፣ ይደገም» ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ኮልፌ ቅቤ የሚነግዱ እናት መጡ። አንገታቸው ላይ ባቄላ የሚያክል እብጠት ነበራቸው። ጎረቤት መክሯቸው ሲያሹት የሰነበቱበት ቅቤ ቆዳቸው ላይ ያብረቀርቃል። ሐኪሙ በጥጥ አንዴ ዳበስ አድርጎ መርፌውን አነሳ። ቅባት ከተቀላቀለበት ናሙናው መስታወቱን እንደማይዝ ተምሬያለሁ። በደንብ ይጠረግ ማለት ነበረብኝ። ግን ሴትየዋ «እጅሽ ይባረክ ልጄ» እያሉኝ ነው፤ እናቴን የሚያህሉ ሰው አንገትዎን ይታጠቡ ማለት አፈርኩ። ስላይዴን አዘጋጀሁ።

አልኮሉ ውስጥ ስነክረው ናሙናው እንደ ጭጋግ ተላቅቆ ሄደ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። «ይደገም» ልጽፍ ስል አብሮኝ የሚሠራው አንጋፋ ባለሙያ ሳቀብኝ። ሐኪሙ የሚወጋው ሰው አጥቷል ወይ አለኝ።

«ክፉ ሕዋስ ታየሽ እንዴ? አልታየሽም። ታዲያ ‹ክፉ ሕዋስ አልታየም› ብለሽ ጻፊያ።»

ለሐኪሙ ሳላሳይ ጻፍኩ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ሴትየዋ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያ ዓረፍተ ነገር አልለቅ አለኝ። አውቶቡስ ስጠብቅ ይመጣብኛል፤ ፀጉሬን ስሠራ ይመጣብኛል። ከአንድ ወር በኋላ ስላይዱን አውጥቼ ጠርዝ ጠርዙን እንደገና አየሁ። ቀድሞ ያልደረስኩበት ጥግ ላይ ጥቂት ሕዋሶች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ትላልቅ፣ የጠቆሩ፣ ቅርጻቸው የተዛባ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሆነው ሲያዩኝ የቆዩ ነው የመሰለኝ። ሐኪሙ ብዙ ቆይቶ አየና፣ በቶሎ ይጠሩ አለ።

ካርዳቸው ላይ ያለው አድራሻ «ኮልፌ፣ ቅቤ ተራ» ብቻ ስለነበር ራሴ ሄድኩ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ደርድረው፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ለጎረቤቶቻቸው፣ ሐኪሜ ቅቤ አምሯት መጣች ብለው ቀለዱ። አጎንብሼ መስታወቱ ባዶ እንደነበር፣ መርፌውም መደገም እንዳለበት በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ለካ መንግሥት ስለከለከላቸው በር ዘግተው በሚጸልዩበት ቤት መፈወሳቸውን መስክረዋል፤ የእኔም ወረቀት ለጉባኤው ተነቧል። አሁን ሐኪም ቤት ተመልሰው ታዩ ቢባል ውሸታም መባላቸው ነው።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እሑድ መጥተሽ ስሕተቱ የኔ ነው በያቸው። ያኔ እመጣልሻለሁ።»

መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ እንቀጠቀጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። እሑድ ሄድኩ። ጠባብ ቤት ነው፤ ድምፅ ወጥቶ ፖሊስ እንዳይመጣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ሠላሳ ያህል ሰው ዞሮ አየኝ። ተነሺ ሲሉኝ ተነሳሁ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ከኋላ አንድ ሰው «አይሰማም» አለ።

ሴትየዋ ተነስተው እጄን ያዙ።

«እኔ ልንገራችሁ» አሉ። «የዚህች ልጅ መስታወት ባዶ ነበር። እኔም ሳልድን ነው የመሰከርኩት።»

 የእጃቸውን ሙቀት እንጂ ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት መጡ። አንገታቸውን ራሴ በሳሙና አጥቤ፣ በአልኮል ጠረግሁት። እብጠቱ ሎሚ አክሏል። ናሙናው መስታወቱን ያዘ። ቀለም ሰጥቼ ሳየው፣ ስላይዱን ወዴትም ባንቀሳቅሰው እነዚያው ጥቁሮች ነበሩ። ሌንሱ ቆሽሾ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። ሴትየዋ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው፣ ጥሩ ቅቤ በምን እንደሚታወቅ ለሌላ በሽተኛ ሲያስረዱ ይሰማኛል። ለሐኪሙ ከመውሰዴ በፊት ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

በሩን ገፋ አድርገው «አለቀ ወይ ልጄ?» እስኪሉኝ ድረስ አልተነሳሁም።