አሸዋ የተሞላው ካልሲ

ትናንት ከአስራ ስምንት ማዞሪያ በታች ባለው ሜዳ ሳልፍ ልጃገረዶች ሶፍትቦል ይለማመዱ ነበር። ለአንዷ የሚወረወርላት ኳስ ዱላውን ሲመታ የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ድምፁን ስለማውቀው ቆምኩ።

በልጅነቴ በዚሁ ሜዳ ኳስ በዱላ መምታት ያሰለጠኑን ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ኳሶቻችን ጨርቅ የተጠቀጠቀባቸው ካልሲዎች ነበሩ። የቡድን ምርጫ ሲቃረብ ግን ለእኔ ብቻ እርጥብ አሸዋ የሞሉትን ካልሲ ይወረውሩልኝ ጀመር። የሌሎቹ ኳስ ሜዳውን ሲሻገር የእኔ ያንኑ የታፈነ ድምፅ አሰምቶ እግሬ ሥር ዱብ ይላል።

«ድንች ነው እንዴ የምትመቺው?» እያሉ ልጆቹ ይስቁብኛል።

ጋሽ ደምሴ ከቡድኑ ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«ጋሼ፣ የእኔ ብቻ ለምን ይከብዳል?» አልኳቸው።

«ስለምትችዪው ነዋ። በይ ዱላሽን ያዢ» አሉኝ፣ አሸዋውን ከእጃቸው እያራገፉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

በምርጫው ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር የማትችዪውን አይሰጥሽም» ይለኛል። እኔም እንደ ጋሽ ደምሴ ሳያዩኝ ይሆን የሚሉት እያልኩ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።