የሁዳዴ ከንፈር

ነቀምት ላይ የበጋ ነፋስ ሲበረታ መጀመሪያ የሚጎዳው ከንፈር ነው። በጃንሆይ ጊዜ መድኃኒቱ ቅቤ ነበር፤ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ቀባ ማድረግ፣ ከዚያ በምላስ አለመንካት። ችግሩ ነፋሱ የሚብሰው በሁዳዴ መሆኑ ነው። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ በጾም ቅቤ መብላት ቀርቶ ከንፈር ማስነካትም በእሷ ዘንድ መግደፍ ነበር። የኑግ ዘይት ትቀባን ነበር፤ እሱም ወዲያው ይደርቃል።

ታላቅ እህቴ ከንፈሯን የመላስ አመል ነበረባት። ሲደርቅባት ትልሳለች፣ በላሰችው ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። እኔ አሥር፣ እሷ አሥራ ሦስት ዓመት በሆነን ሁዳዴ ታችኛው ከንፈሯ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። የወጡ በርበሬ ሲነካው እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

ጎረቤታችን አዴ፣ በሚሲዮን ክሊኒክ ልብስ የሚያጥቡ ኦሮሞ ነበሩ፤ እምነታቸውም የሚሲዮን ነው። እናቴ ዘመድ በሌላት አገር ስታምጥ ወገቧን የያዙላት፣ ሆድ ሲብሳት የምታጫውታቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ጠዋት እህቴን አጥሩ ጋ ጠሯት። ከትንሽ ቆርቆሮ በጣታቸው ዛቅ አድርገው ከንፈሯን ቀቡትና፣ "ኢንታላ ኮ፣ በምላስሽ አትንኪው እሺ? ሳይደርቅ ነው የሚቀባው" ብለው ቆርቆሮውን ሰጧት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። እኔን ግን "ኢንታላ ኮ"፣ ልጄ፣ ያለኝ የለም። ዛሬ ሳስበው ነገሩ ሁሉ ከዚህ አያልፍም፤ ቀናሁ።

ሮጬ ቤት ገባሁና፣ "እማዬ፣ አዴ ቅቤ ቀቧት!" አልኩ። ቅቤ ይሁን አይሁን በምን አውቄ! ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ይኸው በቃኝ።

እናቴ የእህቴን ከንፈር በነጠላዋ ጫፍ እስኪደማ ድረስ ጠረገችው። ቆርቆሮውን ነጥቃ ከጓሮ እንሰቱ መሃል ወረወረችው። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ጾም አስገደፍሽብኝ!"

"ኧረ ቅቤ አይደለም። ቫዝሊን ነው፣ ክሊኒክ የሰጡኝ። ከላም አልወጣም" አሉ አዴ።

"የሚሲዮን ሰው ስለ ጾም ምን ያውቃል!" አለችና ፊቷን አዙራ ገባች።

ከሰዓት በኋላ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ ቆርቆሮውን አገኘሁት። አሸተትኩት፤ ቅቤ ቅቤ አይልም። በምላሴ ነካሁት፤ ጣዕም የለውም። አዴ እውነታቸውን ነበር። ጠዋት የሮጥኩትን ያህል አሁንም ሮጬ መናገር ነበረብኝ። ውሸታም እንዳልባል ፈራሁና ዝም አልኩ። ዝም ብዬም አልቀረሁ፤ ከንፈሬን ተቀባሁበት። ደስ ይል ነበር። ቆርቆሮውን ከአጥሩ ሥር ሸጉጬ ሁዳዴው እስኪያልቅ በየጠዋቱ እየተደበቅኩ ተቀባሁ።

የእህቴ ከንፈር መግል ያዘ። እናቴ እኔን አገጬን ይዛ ታሳያት ነበር። "እዪ የእህትሽን! በንጹሕ የጾመች ልጅ ከንፈር እንዲህ ነው።" አንገቴን እደፋለሁ። ጨዋነት መስሏት ትስመኛለች።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ፤ ሁለቱ ግን ሰላምታ አልተለዋወጡም። በክረምቱ እናቴ ታናሽ ወንድማችንን ስታምጥ አዴን አላስጠራችም። እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው አጥሩ ጋ፣ ዝናብ ላይ ቆመው ዋሉ። በመስኮት አየኋቸው። አሁንም አፌን አልከፈትኩም። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሲሰሙ "ገለቶማ" ብለው አምላካቸውን አመሰገኑና ወደ ቤታቸው ገቡ። በዓመቱ ነቀምትን ለቀው ጊምቢ ገቡ።

እናቴ እውነቱን ሳትሰማ ሞተች። ዕድሜ ልኳን ተናገሪ፣ ተናገሪ ይለኝ ነበር፤ ፈሪ ነኝ፣ አልተናገርኩም።

አስተማሪ ሆኜ ጊምቢ ስመደብ አዴን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ነጥቷል። ያቺን ጠዋት፣ ቆርቆሮውን፣ የተቀባሁትንም ሳይቀር እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ "የዚያች ልጅ ከንፈር ግን ዳነ?"

"ዳነ" አልኳቸው። እህቴ ጠባሳው እንዳይታይባት እስከ ዛሬ አፏን በእጇ ሸፍና እንደምትስቅ አልነገርኳቸውም።