በሁለት እጥበት የሚለቅ ከል

ንጋት 11፡30፣ ሲ.ኤም.ሲ

ሳይነጋ ወጣሁ። በፌስታል የያዝኩት ነጭ የጥጥ ቀሚሴን ነው። ዛሬ የታላቅ እህቴ አርባ ነው፤ ቤቷ እንጦጦ ዳገት ላይ ነው። ለቀብሯ ጥቁር ሻርፕ ብቻ ጣል አድርጌ ስለሄድኩ ሰው አምቶኛል። ይማኝ። እናታችን ስትሞት እህቴ መርዶ ያስነገረችኝ ከቀብር በኋላ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ ወዲያ ነበር። ለቅሶው ስላለፈኝ ለእናቴ ከል ሳልለብስ ቀረሁ። እንዳልደነግጥ ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ በለቀስተኛው ፊት ብቸኛ ልጅ ሆና ልትታይ ነው።

ጠዋት 1፡00፣ መገናኛ

ጭጋግ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የፓስቲ ዘይት ሽታ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፊት። ማንም ማንንም አያይም። ተስማማኝ።

2፡00፣ ቀበና

ወንዙ ዳር ለሐዘንተኛ ልብስ ጥቁር ቀለም የምትነክር ብርቄ የምትባል ሴት አለች። ከቀሚሴ ጠርዝ ክር መዝዛ በክብሪት አቃጠለችው። እንደ ወረቀት አመድ ሆነ። ንጹህ ጥጥ ነው አለች፤ ናይለን ቢሆን ይቀልጥ ነበር፣ ቀለሟንም አይዝላትም። ሁለት መንገድ አላት፦ በርሜል ውስጥ ከጨው ጋር ቢፈላ ልብሱ እስኪያልቅ አይለቅም፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚነከረው ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይሄዳል።

«ለማን ነው የሚለብሱት፣ እማማ?»

«ለእህቴ።»

«እንግዲያ ይፈላ።»

«አይፈላም። የሚለቀውን አድርጊልኝ።»

«ይሄን እኮ ለጎረቤት ነው የሚያስነክሩት።»

ሥራዋን እንድትሠራ ነገርኳት። ነክራ፣ በከሰል ካውያ አድርቃ ሰጠችኝ። እዚያው ለበስኩት።

6፡30፣ የእንጦጦ ዳገት

ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ ያዘኝ። ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ ወንበሬንም ከል ሊያለብሱት ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እጄን አየሁት፤ ጥቁር ውሃ እስከ ክርኔ ወርዷል። ባሕር ዛፉ በጉም ተውጧል።

7፡15፣ እህቴ ቤት

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ ነው፤ ትከሻው አመድማ ሆኗል። የእህቴ ልጅ ሰናይት እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ከሻንጣ ጥቁር የጥጥ ቀሚስ አውጥታ ሰጠችኝ።

«የማን ነው?»

«የእማዬ። ለአያቴ የለበሰችው ነው፣ አክስቴ። ሁለት ዓመት ከላይዋ አልወረደም።»

ገልብጬ አየሁት። ብብቱ አልደበዘዘም፣ ስፌቱ ሳይቀር ጥቁር ነው። በደንብ አስፈልታዋለች። ቀብሩን ደብቃኛለች፤ ሐዘኗን ግን የውሸት ነው ማለት አልቻልኩም።

ለበስኩት፤ ልኬ ነው። ስወጣ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እህቴን ይቅር አላልኳትም። ግን አለቀስኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አይዞሽ፣ እህት ከባድ ነው» አሉኝ። የማለቅሰው ለእናቴ እንደሆነ አልነገርኳቸውም።